ከነጋሪት እስከ ዜና እወጃ፤ ስለ ጋዜጠኝነት ቃሎች አመጣጥ

በአማርኛ ከስም መጨረሻ የምትጨመረው «ኛ» የሰውን ሥራ ወይም ጠባይ ታመለክታለች፤ ከፈረስ ፈረሰኛ፥ ከመርከብ መርከበኛ፥ ከነገር ነገረኛ ይወጣል። ከወሬም «ወሬኛ» ይወጣል። ዳሩ ግን ወሬኛ ማለት ወሬን በማቅረብ የሚተዳደር የተከበረ ሠራተኛ ማለት አይደለም፤ የሰውን ገመና ከቤት ወደ ቤት የሚያመላልስ፥ ሲናገር የማይታመን ሰው ማለት ነው። ስለዚህ ሥራው ወሬን ፈልጎ፥ መርምሮና ጽፎ ለሕዝብ ማድረስ የሆነ ሰው በአገራችን በተነሣ ጊዜ፥ ስሙን ከሚያቀርበው ነገር ሊወስድ አልቻለም። «ዜና» ከሚለውም ቃል ሊወስድ አልተመቸውም፤ ለዚያ ቤት የሚቀርበውን «ዝነኛ» የሚለውን ስም ስመ ጥሩዎች ቀድመው ይዘውታልና። ስሙን የወሰደው ከወረቀቱ ነው፤ «ጋዜጠኛ» ተባለ።

ይህ ነገር ለቋንቋ መምህራን ብቻ የሚተው አይመስለኝም። አንድ ሕዝብ ለሰማው ነገር የሚሰጠው ስም ያንን ነገር ምን ያህል እንደሚያምነው ያሳያልና፥ የጋዜጣ ቃሎቻችንን አመጣጥ መመርመር ማንን ለማመን እንደ ለመድን መመርመር ነው። እኔ እንደሚታየኝ የጋዜጠኝነት አማርኛ አብዛኞቹን ዋና ዋና ቃሎቹን የወሰደው ከቤተ መንግሥትና ከቤተ ክህነት ሲሆን፥ ሕዝቡ ለዕለት ኑሮው የሚሠራበትን ቃል ከበር ውጭ ትቶታል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፥ የተለየ ካልተባለ በቀር፥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጋዜጣ ከመምጣቱ በፊት የመንግሥት ነገር ወደ ሕዝብ የሚደርሰው በነጋሪት ነበር። ነጋሪት የሚለው ቃል «ነገረ» ከሚለው ግስ የወጣ እንደ ሆነ ከግእዝ ሊቃውንት ትምህርት እንረዳለን፤ አንዳንዶች ደግሞ ዐረቦች «ነቃራ» ከሚሉት ከበሮ ጋር ያቀራርቡታል። ድምፁ መመሳሰሉ አይካድም፤ ይሁን እንጂ አማርኛ ተናጋሪው ቃሉን ሲሰማ የሚያስበው መንገርን ነው፤ ለእኛም ጉዳይ የሚበቃው ይኸው ነው። ነጋሪቱ በገበያ ቀን ይጐሰማል፥ ዐዋጅ ነጋሪው «ስማ፥ ስማ» ብሎ ይጀምራል፥ የተሰበሰበውም ሰው የሰማውን ይዞ ወደየመንደሩ ይመለሳል። በመስከረም 1888 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ የዐድዋን ክተት ያሳወጁት በዚህ ዐይነት ነው። ከቀድሞዎቹ ዐዋጆች ብዙዎቹን ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ባሳተሙት «ዝክረ ነገር» በተባለው መጽሐፋቸው ሰብስበው አቆይተውልናል።

ልብ ሊባል የሚገባው፥ ዐዋጅ መልስ የማይጠይቅ ንግግር መሆኑ ነው። «ስማ» ይላል እንጂ «ምን ትላለህ» አይልም። ሕዝቡ መልሱን የሚሰጠው በሌላ መንገድ ነበር፤ መኳንንቱ «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ያስጠይቁ እንደ ነበረ ሲነገር የቆየው ስለዚህ ነው። ከብት እየጠበቀ የሚያንጐራጕር ልጅ ስሙ ስለማይጠቀስና ቂም ስለማይያዝበት የአገሩን ስሜት ሳይፈራ ያወጣዋል። ከላይ ወደ ታች ነጋሪት፥ ከታች ወደ ላይ የእረኛ ዘፈን።

ሕዝቡ እርስ በርሱ ለሚለዋወጠው ነገር ግን አማርኛ እጅግ ባለጸጋ ነው። ደስ የሚያሰኝ ሲሆን «የምሥራች» ይባላል፤ ነጋሪውም ይመረቃል፥ ይሸለማልም። ሞት ሲሆን «መርዶ» ነው፤ እርሱንም ማንም እንዳገኘ አይናገረውም፤ ሽማግሌ ተመርጦ፥ ሰዓቱ ታስቦ፥ ብዙ ጊዜ ማለዳ ከቤቱ በር ላይ ተደርሶ ይረዳል እንጂ። ገና ያልተጣራ ሲሆን «ጭምጭምታ»፥ ባለቤት የሌለው ሲሆን «አሉባልታ»፥ ክፋት ያለበት ሲሆን «ሐሜት» ይባላል። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ሰፊው «ወሬ» ነው። በድሮ ሰዎች አንደበት ወሬ ነውር የሌለበት ቃል ነበር። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ «ያገሩ ወሬ እንዴት ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ስለ ከባድ ሽንፈትም ሲነገር «ወሬ ነጋሪ እንኳ አልተረፈም» ይባላል። በዚህ አነጋገር ውስጥ ወሬ ነጋሪው ከሞት ያመለጠ ምስክር ነው እንጂ ሐሜተኛ አይደለም።

ሰዋስዉም ራሱ ተናጋሪውን ያስጠነቅቀዋል። «መጣ» ያለ ሰው ያየውን ይናገራል፤ «መጣ አሉ» ያለ ግን የሰማውን ይናገራል፤ ይህች ትንሽ «አሉ» ኀላፊነቱን ወደ ሌላ ታሻግራለች። «አሉባልታ» የሚለውም ቃል በውስጡ ይህችኑ «አሉ» መያዙን ልብ ይሏል። የአፋር ወገኖቻችን ይህን ጥንቃቄ ከአነጋገር አልፈው ሥርዐት አድርገውታል። «ዳጉ» በሚባለው ልማዳቸው ሁለት መንገደኞች በተገናኙ ጊዜ ተቀምጠው የመጡበትን አገር ሁኔታ፥ የዝናቡን፥ የግጦሹን፥ የጠቡንና የሞቱን ነገር በተራ ይነጋገራሉ፤ ጠያቂውም ነጋሪው በዐይኑ ያየውን ከሰማው ለይቶ እንዲነግረው ይጠብቃል። ሐሰት የነገረ ሰው ስሙ ይጠፋል። በረሓ ውስጥ ውሃ አለ የተባለበት ቦታ ባዶ ሆኖ ቢገኝ መንጋ ያልቃልና፥ ወሬ እዚያ ጨዋታ አይደለም። ስለ ጋዜጠኝነት ሥነ ምግባር በውጭ አገር የትምህርት ቤት ወንበር ላይ ከተማርሁት ውስጥ ብዙው በዳጉ ውስጥ አስቀድሞ ይገኛል።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። «ጋዜጣ» የሚለው ስም የመጣው ከኢጣሊያ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ16ኛው መቶ ዓመት በቬኒስ ከተማ «ጋዜታ» የምትባል ትንሽ ሳንቲም ነበረች፤ ወሬ የተጻፈበት ወረቀት ዋጋው እርሷ ስለ ነበረች ወረቀቱ በሳንቲሟ ስም ተጠራ ይባላል። ከዚያ ወደ ፈረንሳይ፥ ወደ እንግሊዝ፥ ወደ መስኮብና ወደሌሎችም አገሮች ተሰራጨ። ስለዚህ «ጋዜጠኛ» የሚለው ስም ሥሩ ሲመረመር ከገንዘብ የወጣ ነው፤ ዛሬ በዚህ ሙያ የሚተዳደሩ ባልንጀሮቼ ይህን ሲሰሙ ሳንቲሟ አለመጨመሯን እያነሡ ይሥቃሉ።

በአገራችን የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ «አእምሮ» ነው። በ1890ዎቹ ዓመታት እንድርያስ ካቫድያስ የተባለ ግሪካዊ አዘጋጅቶ በጥቂት ቅጅ፥ በመጀመሪያም በእጅ ጽሕፈት ያወጣው ነበር፤ ስሙንም ያወጡለት አፄ ምኒልክ እንደ ሆኑ ይነገራል። በሐረርም ሚሲዮናውያን በፈረንሳይኛ «ለ ሰመር ዴትዮፒ»፥ ማለት «የኢትዮጵያ ዘሪ» የተባለውን ጋዜጣ ከ1897 ዓ.ም. ጀምሮ ያሳትሙ ነበር። ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1914 ዓ.ም. ማተሚያ ቤት አቋቋሙ፤ በ1917 ዓ.ም. «ብርሃንና ሰላም» የተባለው ጋዜጣ በዚያ መውጣት ጀመረ። አእምሮ፥ ዘሪ፥ ብርሃን! እነዚህ ስሞች የሚያሳዩት የዚያን ዘመን ጋዜጣ ሐሳብ ነው። ጋዜጣው የሚያስተምር እንጂ የሚጠይቅ አይደለም፤ አንባቢው ደግሞ ገና ያልነጋለት ተማሪ ነው። ከእነዚህ ስሞች መካከል ወሬ የሚለውን ቃል የያዘ የለም።

ጋዜጣው ለውስጥ ዕቃዎቹ ስም በፈለገ ጊዜ የሄደው ወደ ግእዝ ነው፤ እዚያም ያገኛቸው ቃሎች ሲመረመሩ ከዕውቀት ቤት ዕቃዎች ጋር የማኅተምና የግምጃ ቤት ዕቃዎች ናቸው። «ኀተመ» ማለት ዘጋ፥ ማኅተም አደረገ ማለት ነው። ከዚህ «ማተሚያ ቤት»፥ «ኅትመት»፥ «ዕትም» ተወለዱ። በንጉሥ ማኅተም የታተመ ደብዳቤ እንደማይጠረጠር ሁሉ፥ በማሽን የታተመም ነገር በብዙው ሰው ዘንድ የማይጠረጠር ሆኖ ቆየ። «ጋዜጣ ላይ ወጥቷል» ማለት የክርክር ማቆሚያ ነበር። ይህ ክብር ከፊሉ ከስሙ የመጣ ይመስለኛል።

«ዘገበ» በግእዝ ሰበሰበ፥ አከማቸ፥ ሀብት አደለበ ማለት ሲሆን፥ «መዝገብ» የሀብት ማከማቻ ነው፤ መዝገበ ቃላትም የቃላት ግምጃ ቤት ነው። ዘጋቢ እንግዲህ በቀድሞው ትርጉም አከማቺ ነው። ይህን ስም እወደዋለሁ፤ ለነገ የሚቀመጥ ነገር የሚሰበስብ ሰው ትክክለኛነትን ይጠነቀቃልና። አጋጣሚው የሚያስገርም ነው፤ ፈረንጆች በየጊዜው የሚወጣውን ጥራዝ «ማጋዚን» የሚሉት ከዐረብኛ «መኽዘን»፥ ማለት ከግምጃ ቤት ወስደው ነው፤ የእኛም «መጋዘን» ከዚያው ዘር ነው። እነርሱ ለጥራዙ የመረጡትን ሐሳብ እኛ ለሠራተኛው ሰጠነው፤ ለጥራዙ ግን የመረጥነው «መጽሔት» የሚለውን ነው፤ በግእዝ መስተዋት ማለት ነው። መስተዋት የፊት ለፊቱን እንጂ የጓዳውን አያሳይም፤ ቢሆንም ከብዙዎቹ ስሞች ይህን የሚያህል የታደለ የለም።

«ርእሰ አንቀጽ» ስንል አንቀጽ በግእዝ በር ነውና የበሩ ራስ ማለታችን ነው፤ በሩ ላይ የተቀመጠው ሐሳብ የባለቤቱ እንደ ሆነ ቃሉ ራሱ ያስታውቃል። «ዐምድ» ምሰሶ ነው፤ «ሐተታ» ከምርመራ የመጣ ነው፤ «ልሳን» ምላስ ነው፤ የማኅበርና የፓርቲ ጋዜጦች በዚህ ስም ይጠራሉ። በእነዚህ ላይ ብዙ መቈየት አያስፈልግም። «አዘጋጅ» ግን የተለየ ነው፤ ከግእዝ መጻሕፍት ሳይሆን ከዕለት አማርኛ የመጣ ነውና። ድግስም ይዘጋጃል፥ መንገድም ይዘጋጃል። አዘጋጅ ነገሩን አሰናድቶ የሚያቀርብ ነው፤ እውነቱን ከሐሰቱ ለይቶ የሚፈርድ መሆኑ ከስሙ አይታወቅም። በኋላ ዘመን የገባው «አርታዒ» ከዚህ ይሻላል፤ «አርትዐ» አቀና ማለት ነውና፥ ጠማማውን ማቅናት ከነሥራው ተሰጥቶታል።

የወሬና የዜና ነገር የተለየው ከነጻነት በኋላ ነው። በ1933 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲካሄድ «ባንዲራችን» የተባለ ወረቀት ለአርበኛውና ለሕዝቡ ይታደል ነበር፤ በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ የወጣው ጋዜጣ «ሰንደቅ ዓላማችን» ተባለ። የውጭው ቃል ወጥቶ የአገሩ ቃል መግባቱን እዩ። ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. «አዲስ ዘመን» ተከተለ። በ1934 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ሕጎቹን የሚያወጣበት ወረቀት ሲመሠረት «ነጋሪት ጋዜጣ» ተባለ። በዚህ ስም ውስጥ ሁለቱ ዘመኖች ጐን ለጐን ተቀምጠዋል፤ ከበሮውና የቬኒሱ ሳንቲም። ሕጉ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሚጸናው በገበያ በመሰማቱ ሳይሆን በወረቀት በመታተሙ ሆነ፤ ማንበብ ለማይችለው ለብዙው ሕዝብ ግን ነጋሪቱ ድምፁን አጣ።

ድምፁን የመለሰለት ሬዲዮ ነው። በ1927 ዓ.ም. አቃቂ ላይ ተመርቆ በጦርነቱ ምክንያት የተሰናከለው፥ ከነጻነት በኋላም እንደገና የተጀመረው ጣቢያ ዜናውን የሚያነብበትን ሰዓት ልማዱ «ዜና እወጃ» ብሎ ጠራው። ይህን ቃል ብዙዎች ሳያስተውሉት ያልፉታል። እወጃ ዐዋጅ ከሚለው የወጣ ነው! በሌላ አገር ወሬ ይነበባል፥ ይሰራጫል፥ ይነገራል፤ በእኛ ግን ይታወጃል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ያደረጉት ሰዎች መግለጫቸውን በአልጋ ወራሹ አንደበት በሬዲዮ ማስነበባቸው፥ ነጋሪቱን የያዘ መንግሥቱን እንደ ያዘ ይቈጠራል ከሚለው ከጥንቱ ሐሳብ የራቀ አልነበረም።

«ዜና» እንግዲህ ለዚህ እወጃ የተመረጠ ቃል ሆነ። «ዜነወ» ነገረ፥ አበሠረ ማለት ነው፤ የነገሥታቱም ታሪክ «ዜና መዋዕል» ይባላል። ከነገሥታት ታሪክ የመጣ ቃል በመሆኑ ክብሩ ከፍ ያለ ነው። የዓለም የዜና ድርጅቶች «የወሬ ምንጭ» እየተባሉ ይጠሩበት የነበረው አነጋገር ቀስ በቀስ እየቀረ «ዜና አገልግሎት» ቦታውን ወሰደ። ወሬ ወደ ቡና መጠጫው፥ ዜና ወደ ስቱዲዮው ገቡ፤ በሁለቱ መካከልም አጥር ቆመ።

ጉዳዩን የሚመራው መሥሪያ ቤትም «የማስታወቂያ ሚኒስቴር» ተባለ። በግድግዳ ላይ «የሚከራይ ቤት» ተብሎ የሚለጠፈውም ማስታወቂያ ነው፤ የመንግሥት ጋዜጦችንና ሬዲዮን የሚያዘው መሥሪያ ቤትም ማስታወቂያ ነው። ቃሉ ማሳወቅን እንጂ ማወቅን አያመለክትም። ይህ ሚኒስቴር በ2001 ዓ.ም. ቀርቶ በመንግሥት ኮሙኒኬሽን ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ሲተካ፥ ግልጡ የአማርኛ ስም በውጭ ቃል ተለወጠ፤ ባንዲራችን ሰንደቅ ዓላማችን የሆነበትን ዘመን ለሚያስታውስ መንገዱ ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስለዋል።

የዚህ ሁሉ ፍሬ በጋዜጣው ሰዋስው ላይ ታየ። ማንም ሰው አሮጌ ጋዜጦችን ቢያገላብጥ አርእስቱ «ተገለጠ»፥ «ታወቀ»፥ «ተባለ»፥ «ተመረቀ» እያሉ ሲያልቁ ያገኛል። ማን ገለጠ? ማን አለ? የመንደር ሰው «አሉ» ሲል ቢያንስ የተናገሩ ሰዎች መኖራቸውን ያምናል፤ «ተባለ» ግን ተናጋሪውን ጨርሶ ይሰውረዋል። አንድን ነገር ያላየ ሰው እንዳላየ የሚያስታውቅበትን የሕዝቡን ጥንቃቄ ጋዜጣው ወስዶ የባለሥልጣን መሸሸጊያ አደረገው። ይህን ስል የቀድሞዎቹን ጋዜጠኞች ለመውቀስ አይደለም፤ «ሳንሱር» የሚባለው የፈረንሳይ ቃል የማይቀርበት ጠረጴዛ አጠገብ የሚሠራ ሰው፥ አድራጊውን ከዐረፍተ ነገሩ ማውጣት ራሱን ከአደጋ ማውጣት ነበረ።

አጥሩ ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለ የታየው በወሎ ረኃብ ጊዜ ነው። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ ከብቱን ጨርሶ፥ ቤቱን ዘግቶ ወደ አውራ ጎዳናው በወጣ ጊዜ በደሴ መንገድ የሚመላለሱ ሁሉ ያዩት ነበር። ወሬው አዲስ አበባ ደርሷል፤ የዩኒቨርሲቲ መምህራንም ወደ ስፍራው ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢው ውስጥ አሳይተዋል፤ ተማሪዎችም ጮኸዋል። ዜና ግን ዝም አለ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በአገሩ በታየ ጊዜ ዓለም የሰማውን፥ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተመልካች በፊልም ያየው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ነው፤ ያውም ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን በማግሥቱ ለማውረድ ስለ ተዘጋጀ ነበር። ስለዚህ ያ ረኃብ በወሬነቱ እውነት ሆኖ ሳለ አልታመነም፤ ዜና በሆነ ጊዜ ደግሞ የታየው ለሌላ ዓላማ ነው። መርዶ እንኳ ሰዓቱ ታስቦ፥ ሽማግሌ ተመርጦ በሚነገርበት አገር ይህን ያህል ሕዝብ ያለቀበት ነገር መርዶ ነጋሪ አጣ። በደርግም ዘመን ከአንድ ዐሥር ዓመት በኋላ የ1977ቱ ረኃብ ሲመጣ፥ ዓለምን ያስነሣው በጥቅምት ወር በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው ከቆረም የተላከ ዘገባ ነበር። ከዚያ ጊዜ በኋላ ብዙ ሰው የአገሩን ነገር ለማወቅ ማታ ማታ ከውጭ አገር የሚተላለፈውን የአማርኛ ሬዲዮ መፈለጉ የሚያስገርም አይደለም።

በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነጻነት ዐዋጅ ቁጥር 34 ወጥቶ ሳንሱር ሲከለከል፥ አጥሩ በአንድ ጊዜ የፈረሰ መሰለ። በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ በልጆች እጅ የሚሸጡት የግል ጋዜጦች ብዙ ወሬ ወደ ኅትመት አመጡ፤ ከመካከሉ ሌላ ቦታ የማይገኝ እውነት ነበረበት፥ ማንም ያላጣራው አሉባልታም ነበረበት። አንባቢውም የታተመ ነገር ሁሉ እውነት ነው ከሚለው ልማድ ተነሥቶ፥ የታተመ ነገር ሁሉ ሐሰት ነው ወደሚለው ዘለለ። ማኅተሙ ረከሰ። አዘጋጆችም ብዙ ጊዜ ታሰሩ፤ ጋዜጠኛ የሚለው ስም በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ መደጋገም ጀመረ። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ከጋዜጠኞች ጋር የተያዙት ወጣት ጸሓፊዎች «ጦማርያን» ተባሉ፤ «ጦማር» የጥንት ጥቅልልና ደብዳቤ የሚባልበት፥ ወደ ግእዝ ከግሪክ የገባ ቃል ነው፤ ለአዲሱ ነገር ከአሮጌው ሣጥን የወጣ ስም በመሆኑ በጣም ተስማሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

«ሰበር ዜና» ስለሚባለው ግን እንዲህ ማለት አልችልም። የእንግሊዝኛው አነጋገር ቃል በቃል ተገልብጦ ነው የመጣው፤ በአማርኛ የሚሰበር ዐጥንት ነው፥ ሸክላ ነው፥ ልብም ነው። ድንገተኛ ወሬ ሲመጣ የሚባል ነገር ቋንቋው ያጣ ይመስል፥ «አሁን የደረሰን» የሚለው የጥንቱ የሬዲዮ አነጋገር ተጣለ። «መገናኛ ብዙኃን» ግን መልካም ቃል ነው፤ መገናኛ ሁለት ሰዎች የሚተያዩበት ስፍራ ነውና፥ ከነጋሪት ወደዚህ መድረስ ቀላል መንገድ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 590 ይህን ስም «የመረጃ ነጻነት» ከሚለው ጋር አጣምሮ ወሰደው።

«መረጃ» የሚለው ቃል በዚህ ዘመን ዜናንም ወሬንም እየተካ ነው። ቀድሞ መረጃና ማስረጃ በዳኝነት ቋንቋ የሚቀራረቡ ነበሩ፤ አንድን ነገር የሚያስረዳው ምልክት፥ ሰነድ ወይም ምስክር ማለት ነበር። ዛሬ «መረጃ ደረሰኝ» የሚል ሰው ከዕድር ጥሩምባ ነፊ የበለጠ ሳያጣራ ሊናገር ይችላል፤ ጥሩምባ ነፊው ግን ከሟቹ ቤት ሳይላክ አይጮኽም። አንድ ነገር መረጃ ሲባል ማስረጃ ያለው ይመስላል፤ ወሬ ሲባል ግን ሰሚው «ከማን ሰማህ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1185 የሚከለክለው ሐሰተኛ ዜናን ወይም ሐሰተኛ ወሬን አይደለም፤ በስሙ ላይ የተጻፈው «ሐሰተኛ መረጃ» ነው። የሚያስረዳ ነገር እንዴት ሐሰተኛ እንደሚሆን የቀድሞ ዳኞች ቢጠየቁ መልሱን ለማግኘት ይቸግራቸው ነበር። ዐዋጁ የታወጀው እንደ ልማዱ በነጋሪት ጋዜጣ ነው።